ፀሐይ ላይ የተሰጡት ማጣሪያዎች

ጥቅምት 4 ቀን 1988
የአዲሱን ማጣሪያ ማሽን ፓምፕ አስነሣሁ። የእንግዳ ማረፊያው ፍሳሽ መጀመሪያ ሜምብሬን በሚሉት ወፍራም የማጣሪያ ሽፋን፣ ቀጥሎ በስሱ ያልፋል። ከዚያ በቧንቧ ወደ ባሮ ወንዝ። ሁለቱ ተረዳድተው ያጣራሉ... በውኃ ቢሮአችን ተረዳድተው የሚሠሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ማሽኑን የተከለው ፈረንጅ ባለሙያ ዛሬ ሄደ። አስተርጓሚው ሦስት ጊዜ ነገረኝ፦ "ኦሞት፣ ሜምብሬኑ ከደረቀ አለቀለት።"

ጥቅምት 9
ለሥራ ኢታንግ ወረዳ ተልኬ ነበር። ስመለስ ሁለቱም ሜምብሬኖች ታጥበው እንደ ዓሣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ማን አዘዘ? ኃላፊያችን አቶ ኦሉም። "ለምረቃ እርጥብ ዕቃ እናሳያለን እንዴ?" አሉኝ። ተሰነጣጥቀዋል...

ጥቅምት 11
ማሽኑ ተመረቀ። ከእሱ የሚወጣው ውኃ ይሸታል። ስለዚህ የማሽኑ ውኃ ተብሎ እንዲቀርብ ከሱሌማን ሱቅ አምቦ ውኃ መጣ። ጋዙ እንዲወጣ ጠዋቱን ሙሉ ስንጠው ቆየሁ። የቀዳሁትም እኔ ነኝ። የክብር እንግዳው ጠጡ። "ትንሽ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ቴክኖሎጂው ነው" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጥቅምት 13
እህቴ አጓ ልጇን አዝላ ከቧንቧው አፍ ትቀዳለች።
"አትቅጂ፣ አጓ።"
"ለምን? ትልቁ ሰውዬ ጠጣ። አንተ ነህ የቀዳህለት፣ እኔ አየሁ።"
አምቦ ነበር ብላት? ሥራዬስ? ዝም አልኩ። አፈርኩ።

ጥቅምት 16
የአጓ ልጅ ተቅማጥ ይዟት ክሊኒክ ገባች። ዓይኗ ጎድጉዷል። የጎረቤት ልጆችም ታመዋል። የኔ ዝምታ ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ጥቅምት 17
ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ሞልቼ ቢሮ ገባሁ። አጓና የጎረቤት ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ተከትለውኝ በር ላይ ቆሙ።
"አቶ ኦሉም፣ ይጠጡ።"
ብርጭቆውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ።
"አሁን... ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"
አጓ ጀሪካኗን እዚያው ደጁ ላይ ደፋች። ሌሎቹም ደፉ። ያኔ የአምቦውንም የሜምብሬኑንም ነገር አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

ጥቅምት 22
ደብዳቤ ደረሰኝ፦ "የቢሮውን ውኃ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ በማሳየትህ ከሥራ ተሰናብተሃል።" ቧንቧው ጋ ጥበቃ ቆሟል አሉ... ውኃው እንዳይሰረቅ። ከዚያ የሚቀዳ ሰው ግን የለም፤ ሴቶቹ ከቧንቧው በላይ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ይቀዳሉ፣ ያፈላሉ።
የአጓ ልጅ ከክሊኒክ ወጣች። ዛሬ ጠባች። አጓ ገበያ ስትሄድ ልጅቷን ለኔ ሰጠችኝ። ሥራ የለኝ፤ ታቅፌያት ዋልኩ።