ወደ ደሴትህ ከመምጣቴ በፊት

ለወንድሜ ለምሥጋናው አሻግሬ፤

ከቆላ ይዘኸው በመጣኸው ንዳድ ታመህ አምቢኮ መንደራችን እቤቴ በተኛህበት ቀን፣ ያ ዋልያ በተገደለበት ቀን፣ እኔ ውኃ ልቀዳ አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ ከቤት ነበርሁ። ይህን ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ነግሬ አላውቅም። ሰላምታውን ካስቀደምሁ እንደ ሌላው ጊዜ በሰላምታ ላይ ስንከላወስ ወረቀቱ ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁና ይህን አስቀደምሁ።

አሁን ሰላም ልበልህ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ዝናብ ሲመጣ ይነግርሃል? ባለቤትህ መዓዛ እንደምን ናት? ልጅህ ሲሲስ ትምህርቷ እንዴት ነው? እኔ መድኃኔ ዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነኝ። ደባርቅ በዚህ ሰሞን ነፋሱ በርትቶ አቧራው ከሰው ዓይን አይወጣም፤ ከዚህ በቀር ክፉ ነገር የለም።

ወደ ዛንዚባር ስመጣ ማድረግ ያለብኝን የጻፍህልኝን ሁሉ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ዋናው ዝናባችሁ ካባራ በኋላ በሰኔ ነይ ያልኸው ለእኔም ይመቸኛል። ፓስፖርቱ ወጥቷል። ፎቶ አንሺው ዝም ብለሽ እይ ቢለኝ ዝም ብዬ አየሁና የለቅሶ ቤት ሰው መስዬ ወጣሁ። የቢጫ ወባውን ክትባት ጎንደር ሄጄ ተወግቻለሁ፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ አትለዪ ስላልኸኝ አንድ ላይ በጨርቅ ቋጥሬዋለሁ። ጋቢዬን ትቼ ስስ ጥጥ ልብስ እንድይዝ፣ አገሩ የእስላም አገር ነውና ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን እንዲሆን፣ ፌስታል በአገራችሁ ክልክል ነውና እንዳልይዝ፣ በባሕሩ ዳር ጃርት የሚመስል እሾሃም ነገር ስላለ በባዶ እግሬ እንዳልገባ፣ ማታ ማታ አጎበር ውስጥ እንድተኛ፣ ይህን ሁሉ ይዣለሁ። ከዳሬ ሰላም በመርከብ ስንሻገር መካከል ላይ ተቀምጠሽ ሩቅ ሩቁን እይ፣ አያቅለሸልሽሽም ብለሃል። ጎረቤቴ ስንዱ ይህን ስነግራት፣ “አንቺ የዳባት ሚኒባስ ውስጥ ሎሚ ካላሸተትሽ የማትደርሺ፣ ባሕሩን ምን ልታደርጊው ነው?” ብላ ሳቀችብኝ። ሎሚም ይዤ እመጣለሁ አልኋት።

በግ የሚያካክሉትን ኤሊዎችና ቀያዮቹን ጉሬዛዎች እንደምታሳየኝ ጽፈሃል። ጉሬዛዎቹ ሰው ስለለመዱ አጠገብ ድረስ ይመጣሉ፤ አንቺ ግን ራቅ በዪ፣ አትንኪያቸው፣ ሙዝም ሆነ ዳቦ አትስጫቸው፣ የሰው ምግብ ያሳምማቸዋል፤ እኔ የጫካው ጠባቂ ሆኜ በገዛ እንግዳዬ እንዳላፍር አልህ። ከሥሩ ደግሞ፣ የሥራ ጓደኞቼን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፣ ያላየችውን የማትመሰክር እኅት አለችኝ፣ ስትመጣ ታዩአታላችሁ ብያቸዋለሁ ብለህ ጻፍህ። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ከአልጋው ሥር ከተትሁት። ሻንጣዬም ግማሹ ሞልቶ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ምሥጋናው፣ የሆነው እንዲህ ነው። በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በበዓለ ሃምሳ ነበር። ሁለቱን በሬዎቻችንን ያለፈው ጦር በልቷቸው፣ ያን ዓመት ማሳችን ጦሙን አድሮ ነበር። አንተ የፓርኩ ጠባቂ ነበርህና የመንግሥት ጠመንጃህ ከራስጌህ ተደግፎ ነበር። ንዳዱ አስተኝቶህ ስታቃዥ ባለቤቴ ደርበው ገባ። አንተን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠመንጃውን አነሣ። ምን ልታደርግ ነው አላልሁትም። ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ አውቅ ነበርና። እፍኝ ገብስ እየፈተግሁ ነበር፤ ከመፈተጌም አላቆምሁ። ሲመሽ ሥጋ ይዞ መጣ፤ ጠመንጃውንም ጠርጎ ከነበረበት መለሰው።

ያን ማታ ቀና አድርጌ ያጠጣሁህ መረቅ የፍየል ነው ብዬህ ነበር። የፍየል አልነበረም። ጠጥተህ አላበህና፣ “እታለም፣ ነፍሴን መለስሽልኝ” አልኸኝ። አንተ ዋልያ እንዳይነካ ብለህ ስንት ሌሊት ገደል ለገደል ያደርህ ሰው፣ በእኔ እጅ ዋልያ በላህ።

ከዚያ የፓርኩ ጓደኞችህ ቀንዱንና ቆዳውን ከገደሉ ሥር አገኙ፤ ከጠመንጃህም ጥይት ጎደለ። አገሩ ለአውጫጭኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጠ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም እርሻውን እንዳያይ፣ ከብቱንም እንዳይፈታ ተባለ። ቄስ ገብረ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ያየ፣ የሰማ፣ አውቆ የደበቀ ውግዝ ይሁን ብለው አወገዙ። አንተ ታምሜ ከእኅቴ ቤት ተኝቼ ነበር አልህ። እኔን ጠሩኝ። ተኝቶ ነበር አልሁ። እስከዚህ እውነት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከአጠገቡ ተለይተሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተለየሁም ካልሁ ጠመንጃውን ማን አነሣው ሊለኝ ነው። ደርበው ከሰዎቹ መካከል ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። “ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር፤ በመካከል የሆነውን እኔ ምን አውቃለሁ” አልሁ።

ሽማግሌው አጥብቆ ሊጠይቀኝ ሲል አንተ ተነሣህ። “ተዋት። እኅቴ ያላየችውን አትመሰክርም” አልህ። አስታወስኸው? እኔ በዚያች ወረድሁባት ባልኋት ምንጭ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ሰጥሜ ኖርሁ።

ጠመንጃህን ተቀበሉህ፣ ከሥራህ ወጣህ። ልጆቹ በመንገድ “ጠባቂው በላተኛ” እያሉ ሲከተሉህ ሰምቻለሁ፤ አንድ ድንጋይ እንኳ አንሥቼ አላባረርኋቸውም። በመተማ በኩል ሱዳን መግባትህን የሰማሁት ከሄድህ በኋላ ነው። እናታችን ገበያነሽ፣ እኔም በስሟ የተጠራሁት፣ ሰው ዓይን ዓይኗን ሲያያት ጊዜ ገበያ መውጣቱን ተወች፤ የልጄ እጅ እንዲህ አያደርግም እንዳለች ሞተች። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አዎ እማዬ፣ አያደርግም አልኋት። ሌላ ቃል አልጨመርሁም።

ፊደል እንዴት እንደ ቆጠርሁ ብዙ ጊዜ ጠይቀኸኛል፤ እኔም በቀልድ አሳልፌዋለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲመጣ ያነበበልኝ የሰፈር ተማሪ ነበር። እውነተኛዋ እኅቴ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና የተቀመጡት ሁሉ መረቁኝ። ሁለተኛ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ነው ከግድግዳዬ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ፊደሉን አንድ አንድ እያልሁ የለየሁት። ሰው ለመማር ጓጓች ይለኛል።

ደርበው ሊሞት ሲል ነገሩን አብረሽኝ ቅበሪው ብሎኝ ነበር፤ ቀበርሁት። እሱ ላይ ብቻ እንድትፈርድ አልፈልግም። እሱ የተኮሰው በራብ ነው፤ እኔ የዋሸሁት ግን ጠግቤ ነው። ባሌን አጣለሁ ብዬ ነው እንዳልልህ፣ ያኔ እንደዚያ ማሰቤን አላስታውስም። የማስታውሰው የሰው ዓይን በእኔ ላይ እንዳይሆን መፈለጌን ነው። በአንተ ላይ ሲሆን ዝም አልሁ።

ስለ ጉዞው፣ አሁን ምክር የምትሰጠኝ አንተ ነህ። ነይ ካልኸኝ በሰኔ እመጣለሁ፤ ጓደኞችህ ፊት ግን እንደዚያ ብለህ አታስተዋውቀኝ። ቅሪ ካልኸኝ እቀራለሁ፤ ፓስፖርቱ ምንም አይደል። ምናልባት አንተ አገርህን ልታይ ብትነሣ፣ ከመስከረም በኋላ ይሁን፤ መንገዱ ያን ጊዜ ይደርቃል። ሲሲ ብርድ አታውቅምና ወፍራም ካልሲና የእጅ ሹራብ ይዛ ትምጣ፤ ከጎንደር በጠዋቱ መኪና ተነሡ፤ ከደባርቅ በላይ በቅሎ እኔ አዘጋጃለሁ። ዋልያዎቹ በጠዋት ከገደሉ ጫፍ ይወጣሉ። ለልጅህ አንተ ራስህ ታሳያታለህ። እኔ ቤት ማረፍ ከከበደህ ስንዱ ሰፊ ክፍል አላት፤ አልከፋም።

መዓዛን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አንብብላት፣ የምትደብቃት ነገር አይኑር። ሲሲን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስታድግ ታውቀው። ጫካውን አብረውህ ለሚጠብቁት ጓደኞችህም ሰላም በል፤ ያልዋሸ ወንድም አለኝ ብላለች በላቸው።

እኅትህ ገበያነሽ አሻግሬ
ደባርቅ፣ መጋቢት ፲፱ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ይህ ጽሑፍ በእጄ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዱ ይድረስ ለምሥጋናው አሻግሬ፣ ዛንዚባር። ሁለተኛው ይድረስ ለቄስ ገብረ ሚካኤል፣ አምቢኮ፤ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውጫጭኙ በተቀመጠበት ደጅ፣ እኔ ቆሜ፣ ለሕዝቡ ጮክ ብለው እንዲያነቡት።