ልጄን ገደለ ስለተባለው የእግር መርገጫ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመንገድ ሥርዓት ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያቺ ነጭ የመሥሪያ ቤት መኪናዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ከጉልበቴና ከልጄ በቀር የጎደለኝ የለም። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልልከው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት የላክኋቸው ሁለቱ በመዝገብ ቤትዎ ተመቻችተው ተኝተዋል ስለተባልሁ፣ ሦስተኛውም ሄዶ እንዳያጣብባቸው ብዬ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ማውጣቱን መረጥሁ።

ወሬው ከደረሰኝ ቀን መጀመሬን ይፍቀዱልኝ። መሥሪያ ቤትዎ የጻፈው ወረቀት የሚጀምረው ከሞተሯ ስለሆነ፣ ከልጁ የሚጀምር አንድ ሰው ቢገኝ አይከፋም ብዬ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ የበልጉ ካፊያ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ፣ ከደጃፌ ሆኜ የራሴ አጥር እንኳ የማይታየኝ ጠዋት። ልጄ ታደለ ጣሰው በሞተሩ የሰው ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ደብረ ብርሃን አድርሶ ሊመለስ በማለዳ ወጥቶ ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ለሽሮ የሚሆን አተር እለቅም ነበር። ጎረቤቴ ምሥራቅ መጣችና «እናንዬ፣ አትደንግጪ፤ ታደለ ትንሽ ወድቆ እግሩን ተጫረ ነው የሚሉት፤ ተነሽ እስቲ ወደ ቤት እንግባ» አለችኝ። ነገር ግን አስከሬኑ ካረፈበት ስታለቅስ ቆይታ ኖሮ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ እንዳደረገችው ረስታዋለች። አፏ ተጫረ ይላል፤ ነጠላዋ ሞተ ይላል። ነጠላዋን አመንሁ።

ከአርባው በኋላ የመሥሪያ ቤትዎ ወረቀት ደረሰኝ። «አደጋው የደረሰው ሟች የሞተር ሳይክሉን የኋላ የእግር መርገጫ ያለ ፈቃድ ከፋብሪካው ልክ በታች ዝቅ አድርጎ በማስበየዱ ሲሆን ጥፋቱ የራሱ የሟቹ ነው» ይላል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ በመሆኑ ቀስ እያልሁ ደጋግሜ አነበብሁት። «ጉድጓድ» የሚል ቃል ፈለግሁበት፤ አጣሁ። ምሥራቅ የዋሸችኝ አዝናልኝ ነው፤ ለዚያውም ነጠላዋ አጋልጧታል። የእርስዎ ወረቀት ግን ከርዕሱ እስከ ማኅተሙ አንድ ቦታ እንኳ አላፈረም፤ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ አይቼ ስለማላውቅ ምስጋናዬን በየተራ ማቅረብ ይገባኛል።

በመጀመሪያ ግን ስለ መርገጫዋ ላስረዳዎ፤ ወረቀቱ ቁመቷን እንጂ ታሪኳን አልጻፈውምና። እኔ ጉልበቴ ከታመመ ቆየ፤ አልታጠፍም ካለ አይታጠፍም። ቀሚስ የለበሰች ሴት ደግሞ ሞተር ላይ እንደ ወንድ አንፈራጥጣ አትቀመጥም፤ በቅሎ ላይ እንደምትቀመጠው ሁለቱንም እግሯን ወደ ግራ አድርጋ ነው። ፋብሪካው የሠራው መርገጫ ከፍ ያለና ለአንድ እግር ብቻ የሚበቃ ነው፤ እዚያ ላይ ስረግጥ ጉልበቴ ወደ ሆዴ ይታጠፍና ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሰው ተሸክሞ ያወርደኝ ነበር። ታደለ ይህን ሲያይ ከረመ። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ወደ በያጁ ወደ ሰይፈሥላሴ ወስዶ፣ የግራውን የኋላ መርገጫ ከስንዝር ባነሰ ዝቅ አስደርጎ፣ ሁለት እግር የሚያሳርፍ ጠፍጣፋ ብረት አስበይዶበት መጣ። «እማዬ፣ ይኸው እርካብሽ» አለኝ። አባቱ በሕይወት ሳለ የበቅሎውን እርካብ ጠፍር በእኔ እግር ልክ ያስረዝምልኝ እንደነበር ነግሬው ነበርና ያንን ማስታወሱ ነው። በዚያ ዘመን በቅሎዋን ያለ ፈቃድ ተሻሽላለች ብሎ የከሰሰን ሰው አለመኖሩ የሥርዓት ጉድለት እንደነበር ዛሬ ተረድቻለሁ።

ልጄ ረዥም ነበር። ሲነዳ የራሱ ጉልበት እስከ ታንከሩ ድረስ ተሰቅሎ ሳየው «የአንተንም የፊቱን ዝቅ አታስደርገውም ወይ?» አልሁት። «እኔማ ገና ልጅ ነኝ፤ ይደርሳል» ብሎ ሳቀብኝ። የራሱን አልነካውም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ገዳዩን ፈልጎ ለማግኘት ስለተደከመው ድካም። ባለሙያዎ ሞተሯን በፖሊስ ግቢ ቆማ አገኟት፤ ዙሪያዋን ዞሩ፣ በሜትር ለኩ፣ ፎቶግራፍ አነሱ። ልጄ ወደ ወደቀበት መታጠፊያ ግን አልሄዱም። ወንድሜ ገብረአብ «ጌታዬ፣ ቦታውንም ይዩልን እንጂ» ቢላቸው «ቦታውንማ የማያውቀው ማን አለ!» ብለው መለሱለት። እውነታቸውን ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሞተሯ በቀኝ ጎኗ መውደቋንም ያነሷት ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ የቀኝ እጀታዋ ተጣሟል፣ የቀኝ መስታወቷ ደቅቋል። መርገጫዋ በግራ በኩል ስለነበረች ወደ ሰማይ እያየች ተገኘች። ሞተሯን ስረከብ አጎንብሼ አየኋት፤ አንድ ጭረት የለባትም። ይልቁንም እሁድ ዕለት ከቅዳሴ ሲመልሰኝ ከጫማዬ የተራገፈው ጭቃ በጥግ በጥጓ ደርቆ ተለጥፎባት ነበር። መሬት የመታ ብረት ጭቃውን እንዴት ይዞ እንደሚቆይ እኔ አልተማርሁም፤ ባለሙያዎ ግን ሳይማሩት አይቀሩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉድጓዱ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ባለፈው ክረምት በዚያው ልጄ በወደቀበት መታጠፊያ የውሃ መውረጃው ቱቦ ተደርምሶ የመንገዱን ግማሽ ይዞት ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ተፈራርሞ አመለከተ፤ መሥሪያ ቤትዎም ችላ አላለንም። ሁለት ሰዎች መጥተው በጉድጓዱ አፍ ላይ ቀይና ነጭ ሪባን አስረው ሄዱ። ሪባኑን የዘርአ ዳዊት ፍየል በላችው። ይህንንም አመለከትን። «ፍየሏ የማን ናት?» ተብሎ ተጣራ፤ ባለቤቷ ዘርአ ዳዊት ተጠርቶ ተመከረ፤ ፍየሏ ታሰረች። ስለዚህ ለጉዳዩ ምላሽ አልተሰጠም ብሎ የሚያማችሁ ሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው፤ ከጉድጓዱ በቀር በሁሉም ላይ እርምጃ ተወስዷል።

ሦስተኛ፣ ከልጄ ሞት በኋላ ስላሳያችሁት ፍጥነት። የእኔን መርገጫ አይተው ሌሎቹም የአገራችን የጎረቤላ ባለሞተሮች ለእናቶች ብለው አሠርተው ነበር። መነኩሲቷ እማሆይ ወለተ ሥላሴ መጀመሪያ የተቀመጡ ዕለት «ይቺ በቅሎ ገብስ አትጠይቅ፣ አትራገጥ፤ ጋልብ ልጄ!» ብለው ታደለን ጀርባውን በመቋሚያቸው ነካ ሲያደርጉት ገበያው ሁሉ ስቋል። ወረቀቱ በወጣ በማግስቱ ግን ዝቅ ያሉት መርገጫዎች ሁሉ ተቆርጠው እንዲወገዱ ታዘዘ። ሞተሮቹ በገበያው ሜዳ ተሰበሰቡ። ሞተሯን ስረከብ እንዳስቆርጣት ፈርሜ ነበርና የእኔም ተገፍታ መጣች። መቁረጫውና ጄኔሬተሩ በዚያች በነጩ መኪናዎ ከደብረ ብርሃን ተጭነው መጡ። መኪናዋ ከጉድጓዱ ስትደርስ ቀስ ብላ፣ ወደ ግራ ዘወር ብላ፣ ጎማዋን ከአፋፉ አርቃ በጥንቃቄ አለፈች። በመንገድ ዳር የነበርን ሰዎች ሁላችን አየናት። ወረቀቱ የማያውቀውን ጉድጓድ ሹፌርዎ አውቀውታልና፣ እኚህ ሰው ዕድገት ይገባቸዋል፤ ቢቻል የባለሙያውን ወንበር።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ አሁን ወደ ገዳማቸው በእግራቸው ነው የሚወርዱት። «ሲቆርጡት ብልጭታው እንዴት ያምር መሰለሽ! ለደመራ ያቆዩት ነበር» ብለውኝ ሳቁ፤ ቀጥለው ደግሞ አለቀሱ።

አራተኛ፣ ስለ ቢሮዎ ደረጃ። አቤት ልል ስመጣ በየጊዜው ፎቁን ወጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ወርጃለሁ። ደረጃው ለጉልበቴ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይደረግልኝ ግን አልልም። ያለ ፈቃድ ማሻሻል እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፈው ያሰብሁት አንድ ነገር ነበር፤ ቁጥር ልሰጠው ግን አልሆነልኝም። እንዲሁ ልጻፈው። ወረቀትዎ መርገጫዋ ገደለችው ይላል። መርገጫዋ የተሠራችው ለእኔ ጉልበት ነው። እንግዲህ ወረቀትዎ እውነት ከሆነ ልጄን ማን እንደገደለው ባለሙያዎ በጨዋነት ሳይጽፉት ትተውልኛል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ጭቃውን አይቻለሁ፤ በየትኛው ጎኗ እንደ ወደቀች አውቃለሁ፤ ካህኑ የንስሐ አባቴም «ልጄ፣ ይህን ከልብሽ አውጪ» ብለውኛል። ሆኖም ጠዋት ግድግዳ ይዤ ስነሣ ጉልበቴ ቀጭ ይልብኛል፤ ያን ጊዜ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንጂ ጭቃውን አላስታውስም። እናት ያልተማረች ስትሆን ማኅተም ያስፈራታል። ይህን ለማወቅ እርስዎ ጊዜ አይኖርዎትም፤ እኔም እንዲያውቁልኝ ብዬ አይደለም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉድጓዱ ይደፈን። ወረቀቱን ቅደዱት አልልም፤ ጥፋቱም የልጄ ሆኖ ይቅር፤ ሙታን አቤቱታ አያቀርቡም። ብቻ ቱቦው ይሠራና አፈር ይመለስበት። ሰኔ ደርሷል፤ ክረምቱ ሲገባ የቀረውን የመንገድ ግማሽ ይዞት ይወርዳል፤ ከሰላ ድንጋይም ከእነዋሪም ለንግሥ የሚመጣ ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው። የእነርሱ ልጆች ሞተር መርገጫው ከፋብሪካው እንደ ወጣ ነው፤ ሲወድቁ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከአሁኑ አሳስቦኛል፤ ባለሙያዎም ያስቡበት። እንደማይደፈን አውቃለሁ። የምጽፈው ይደፈናል ብዬ አይደለም፤ አልነገሩንም እንዳይባል ነው።

ለመንገድ ሥርዓት የሚያስቡትን ያህል ለመንገዱም የሚያስቡበት ዘመን እንዲያመጣልዎ፣ የነጭ መኪናዎን ጎማ ከጉድጓድ ሁሉ እንዲጠብቅልዎ፣ ልጆችዎንም በጉም ከሚመጣ ወሬ እንዲሰውርልዎ እየለመንሁ፣ ከወንበርዎ በታች ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ማለቴም ያለ ፈቃድ ከሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እጅ እነሣለሁ።

የታደለ እናት
ወይዘሮ እናናየሁ ገብረአማኑኤል
ጎረቤላ

ግልባጭ፦
ለመታጠፊያው ጉድጓድ፣ ባለበት
ለዘርአ ዳዊት ፍየል፣ በታሰረችበት
ለሚያነብ ሰው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ከሞተሬ ላይ የተቆረጠችውን መርገጫ ቆራጩ ልጅ «እማማ፣ ይውሰዷት፤ ለእኛ ምን ትሠራልናለች» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ሰይፈሥላሴ በረዥም ብረት ጫፍ ላይ በየዳት። ብረቱን ቀይ ቀለም ቀባው፤ እሷን ግን ቀለም እንዳይነካት ለመንሁት፤ ያለባትን ጭቃ ክረምቱ ራሱ እስኪያጥበው ልተውላት ብዬ ነው። ቅዳሜ ዕለት የምሥራቅን ትከሻ ተደግፌ በእግሬ ሄጄ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ በድንጋይ አስደግፈን ተከልናት። ይቺን ፍየል አይበላትም። መንገዱን ያለ ፈቃድ አሻሽላችኋል ከተባለ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩን ጭናችሁ ልትቆርጧት ስትመጡ ጉም ከሆነ እሷን እያያችሁ ቀስ በሉ፤ የሹፌርዎም እናት በሕይወት ትኖር ይሆናል።

እናንተ በዚያ የምታልፉ አንባቢዎቼ ግን፣ ስታዩዋት ፍጥነታችሁን ቀንሱልኝ። ቀንሳችሁ ሳላችሁም፣ የልጄ የክርስትና ስሙ ወልደኪዳን ነውና፣ «የወልደኪዳንን ነፍስ ይማር» ብላችሁ እለፉ።