ሦስት ሜትር በረዶ

ማክሰኞ፣ ማርች 11 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ለላዲና፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በጤና ያግኝሽ። አንቺ ጋ ሙቀቱ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ እኛ ጋ ደግሞ ብርዱ ልሂድ አልሂድ እያለ ያንገራግራል። የጣራው በረዶ ቀን ቀን ይንጠባጠባል፣ ሲመሽ ተመልሶ ይደርቃል። ድመቲቱ ደህና ናት፤ ወፍራለች። እኔም ደህና ነኝ፤ አልወፈርኩም።

በስልክ ያልነገርኩሽን ለምን በወረቀት እንደምጽፍልሽ ሳይገባሽ አይቀርም። ስልኩ ሲጮኽ እናትሽ ትቀድመኛለች፤ ክራንች ይዛ እንኳ ትቀድመኛለች። ደግሞም ስልክ ላይ «እሺ» እና «ደህና ነን» ከማለት በቀር አንደበት እንደሌለኝ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።

እናትሽ ከወደቀች ነገ ወዲያ አምስት ሳምንት ይሞላታል። ተረከዟ ውስጥ ያሉት ስምንት ብሎኖች ቦታቸውን ይዘዋል፣ ከጉልበቷ በታች ያለው አጥንትም እየገጠመ ነው። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ «በጁን ተራራ ትወጫለሽ» አላት። ስትወጣ «ስለ ስኪው ምነው አልጠየቅሽውም?» ብላት «ምን አስጠየቀኝ?» አለችኝና መኪናው ውስጥ ገባች። ያኔ ነው የፈራሁት።

ባለፈው በስልክ «ከእንግዲህ በቃኝ» ስትልሽ የተነፈስሽው ትንፋሽ እዚህ ወጥ ቤት ድረስ ተሰምቶኛል። አልፈርድብሽም። ቀኑን ሙሉ የሰው የተሰበረ ጉልበት ስታሺ የምትውዪ ልጅ፣ የገዛ እናትሽ በሃምሳ አራት ዓመቷ በስኪ እየተንሸራተተች ከበረዶ ክምር ላይ ስትዘል እያሰብሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ አስቁማት» ስትዪኝ ኖረሻል። እኔም በበረዶ መግፊያ ማሽኔ የአንድ ቤት ያህል በረዶ እገፋለሁ፣ እናትሽን ግን አንዲት ጣት ታህል መግፋት አልችልም እያልኩ መልሼልሻለሁ። እውነቴን ነበር።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንዴት እንደሆነች አላየሽም። ድሮ ከመኪና ወርዳ ቀጥታ ሰውን ወደ ተራራው ወደሚያወጣው ማንሻ ነበር የምትሮጠው። አሁን የምትሠራበት ፋርማሲ በማይከፈትባቸው ጠዋቶች መኪና ማቆሚያው ላይ ግማሽ ሰዓት እግሯን ስታወዛውዝ፣ ጉልበቷን በፋሻ ስትጠመጥም ትቆያለች። ዱሪ አጠገቧ ቆሞ ያላግጥባታል። ቧንቧ ሠራተኛውን ዱሪን መቼም አትረሺውም፤ ከድሮዎቹ ዘላዮች የቀሩት እሱና እሷ ናቸው። ሌሎቹን አንዱን ዳሌው፣ አንዱን ሚስቱ፣ አንዱን ጎልፍ ወሰደው።

«ብሪዳ፣ ቶሎ በይ እንጂ! በረዶው ቀልጦ አለቀ እኮ» ይላታል።

«አንተ ወገብህን አሙቅ። አምና ጎንበስ ብለህ ስትቀር ያቀናንህ ለሁለት ነው» ትለዋለች።

ድሮ የምትዘላቸው ዝላዮች አንድ በአንድ ትተዋታል። ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋ የምትገለበጠው አንቺ አሥር ዓመትሽ ሳለ ቀረ፤ መስኩ ላይ በተተከለው ብረት ላይ ተንሸራታ ወደ ኋላ የምትወርደው ከሦስት ዓመት በፊት። የቀራት አየር ላይ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ማረፍ ብቻ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ዙር ያረፈች ቀን ቤት ስትገባ እንደምን ዋልክ እንኳ ሳትል «ዘንድሮም አለ» ትለኛለች። እኔም «እሰይ» እላለሁ። ከዚያ የገብስ ሾርባችንን እንጠጣለን። ገናንም ልደቴንም እንደዚያች ቀን አልወዳቸውም።

ደግሞ የጥዱን ነገር ታውቂያለሽ። በረዶ ባደረ ቁጥር ጠባዩን ይለውጣልና፣ ጠዋት መዝለያው ሲከፈት አንድ ሰው ቀድሞ ፍጥነቱን መሞከር አለበት። ያ ሰው እናትሽ ናት። ጎረምሶቹ ከላይ ተሰልፈው ያይዋታል። ከትልቁ ጥድ ጎን ትነሳለች፣ ሳትገፋ ሳታቆም ትወርዳለች፣ ትዘላለች። የት እንዳረፈች አይተው እነሱ መነሻቸውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ። የእሷ መነሻ ግን አይለወጥም፤ መለኪያ የሆነችው በዚያ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያንን መስክ ስሠራ፣ ከእኔ ምልክት ይልቅ የእሷ ጥድ ይታመናል። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሦስት ጊዜ ብዕሩን አስቀምጬ ተነስቻለሁ፤ አንዴ ለድመቲቱ፣ አንዴ ለምድጃው፣ አንዴ ለምንም።

መካከለኛው መዝለያ፣ እሷ የምትዘለው፣ ከአፉ እስከ ማረፊያው ቁልቁለት የላይኛው ጫፍ አሥራ ሦስት ሜትር ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ፍጥነት ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ ቁልቁለቱ ጋ ሳይደርስ ጠርዙ ላይ ይወድቃል። የእኔ ጭንቀት ይህ ነበር፤ አለመድረሷ። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ማንሻው ከቆመ በኋላ የማረፊያውን ክምር በማሽኔ ወደ መዝለያው አስጠጋሁት፤ ግማሽ ሜትር። ማንም ያወቀብኝ አልመሰለኝም። በአምስተኛው ቀን ሌላ ግማሽ። ከዚያ ሌላ። ወሩ ሲያልቅ አሥራ ሦስቱ አሥር ሆኖ ነበር። ብታጥር እንኳ ቁልቁለቱ ይቀበላታል ብዬ ልቤ አረፈ። ብትረዝምስ ብዬ አላሰብኩም። ጥዷ እንደማይንቀሳቀስ ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ሆኜ አላሰብኩም።

ቀስ እያለ የመጣ ነገር አይታይም። ደግሞ ሰው ደስ የሚለውን አይመረምርም። እናትሽ በየሳምንቱ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ታች፣ ይበልጥ ወደ ታች ማረፍ ጀመረች። ጎረምሶቹ «አክስቴ፣ ዘንድሮ ምን በልተሽ ነው?» ይሏታል። «ገብስ!» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ጭልፋ እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ «ኩርዲን፣ ጉልበቴ ተመልሷል። አሥር ዓመት ያላረፍኩበት ቦታ ነው የማርፈው» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። ላዲና፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ነቀዘ። «እሰይ» አልኳትና ሾርባዬን ጠጣሁ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሞቆ፣ ሌሊቱን ቀዝቅዞ፣ በረዶው ጠርሙስ ሆኖ ነበር ያደረው። እኔ ማሽኑን ላቆም ወደ ታች እየወረድኩ ነው። ቀና ስል ከጥዱ ተነስታለች። ዙሩን ልክ ዞረች፤ እንዲያውም አምሮባት ነበር። ግን ማረፊያው ከሥሯ አለቀ። ቁልቁለቱን በሙሉ አልፋው ከታች ካለው ሜዳ ላይ ወረደች። ድምፁን አልጽፍልሽም።

ስደርስ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ፊቷ እንደ በረዶው ነጥቷል። እኔን አላየችኝም። በትሯን ወደ ላይ ቀስራ ጎረምሶቹ ላይ ትጮኻለች፤ «ከጥዱ እንዳትነሱ! ዝቅ በሉ! ዝቅ!» ማንም ከዚያ እንዳይነሳ ካረጋገጠች በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«ዓይኔ ሄዷል፣ ኩርዲን» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ያልሳተ ዓይን። በቃ፣ አረጀሁ።»

«አይዞሽ» አልኳት።

በማግስቱ ማረፊያውን ወደ አሥራ ሦስት ሜትሩ መለስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ዱሪ በሳምንቱ የለውዝ ኬክ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። እሷን አስቆ፣ አስቆ፣ ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ ክፍተቱን በስኪዬ ቁመት ነው የምለካው» አለኝ። «ሰባት ተኩል የነበረው ስድስት እንኳ አልሞላም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሲያፈስ አያለሁ፤ ባለቤቱ ካልጠራኝ ግን ግድግዳ አላፈርስም።» ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር ብሎ «ደግሞ ለጉልበቴ ተመችቶት ነበር» አለ። አልሳቀም።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ መቀጠል እችል ነበር። እሑድ ዕለት ግን እናትሽ ስለ ስኪዎቿ አዘዘችኝ። «ከዕቃ ቤት አውጣቸውና ለደጅ የሚሆን ወንበር ሥራባቸው። መጋዝ አለህ አይደል?» አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው ያለችው፤ ጋዜጣ እያነበበች። አወጣኋቸው። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አሰርኳቸው፣ ለካሁ፣ በእርሳስ አሰመርኩ። ከዚያ መጋዙን መልሼ ሰቀልኩት። በመስኮት «አልጨረስክም እንዴ?» ስትለኝ «መጋዙ ደንዝዟል» አልኳት። ትናንትም ደንዝዞ ነበር። ዛሬም ይደነዝዛል። እስከ ቅዳሜ ጨርሰው ብላለች፤ ዱሪን ጋብዛ ልታስቀምጥበት ነው።

ስብራቷ አይደለም እንቅልፍ የነሳኝ። ስብራቱ ይድናል። ነገር ግን «በእኛ ዕድሜ» ማለት ጀምራለች። እናትሽ! «በእኛ ዕድሜ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ነው የሚበጀው» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ከዚህ ወንበር ላይ ሆና መስኩን ታያለች፤ ጎረምሶቹ ማንም ፍጥነቱን ሳይሞክርላቸው ላይ ታች ይላሉ፣ እሷም አይታ ጀርባዋን ትሰጣለች። ትናንት ደረጃ ስትወርድ ሳልጠይቃት እጄን ያዘች። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እጄን ይዛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። ሌላ ባል ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ብነግራት በሚመጣው ዓመት ተመልሳ ከጥዱ ትነሳለች፤ ያኔ ብትሞትብኝስ? ባልነግራት እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ በውሸት ታረጅብኛለች። ሁለቱን እያገላበጥኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። አንቺን ምከሪኝ ልልሽ አልነበረም የተነሳሁት፤ የምትይኝን አውቃለሁ፣ ለእሷ ስለምትጨነቂ ነው። ብቻ ይህን ሁሉ ብቻዬን ተሸክሜ መጋዝ ማንሳት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ይህ የእኔ የብቻዬ ሥራ ነው። በረዶውን የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ሐሳቡም የእኔ ነበር። አንቺ ለእናትሽ ከመጨነቅ በቀር ያጠፋሽው የለም። በረዶው ሳይጀምር፣ ላሞቹ ከተራራ በወረዱበት ሳምንት ስለ ማረፊያው በስልክ ያወራነውን እኔ ረስቼዋለሁ፤ አንቺም እርሺው።

እንደ ወትሮው ከታች ለእናትሽ ቦታ ትቼላታለሁ። ፖስታውን የምታሽገው እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ሳታነብ አሽጋ አታውቅም፤ «ፊደል ትገድፋለህ፣ ልጄ ትስቅብሃለች» ትለኛለች። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። አፌ እምቢ ቢለኝ ነው። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ፣ መነጽሯ አጠገብ ትቼ ወደ ሥራ እወጣለሁ። ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም።

የምትረግጪው መሬት ይልዘብልሽ፣ እጅሽ ያረፈበት ጉልበት ሁሉ ይዳንልሽ። በደህና ያገናኘን።

የሚወድሽ አባትሽ
ኩርዲን

ላዲና፣ አነበብኩት። ሁለት ፊደል ገድፏል፣ አርሜለታለሁ። ስኪዎቹን ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ፈትቼ አልጋዬ ሥር አስገብቻቸዋለሁ፤ በክራንች አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከእሱ ጋር ሲመጣ እንነጋገራለን። አንቺ ግን ላሞቹ በወረዱበት ሳምንት በስልክ ምን ነበር ያልሽው?

እናትሽ ብሪዳ