በግማሽ የቀረው ጸጉር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም አዲስ ነገር የለም። ሣሩ ራሱን በራሱ አጠጣ። የመኪናው በር ራሱ ተከፈተ፣ ራሱ ተዘጋ። ልጄና አማቼ በየመኪናቸው ወጡ… እኔ ቀረሁ። ስድስት ክፍል፣ አራት መታጠቢያ ቤት፣ አንድ ሽማግሌ።

በእግሬ ዞር ዞር አልኩ። እዚህ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ እኔና ውሾቹ ብቻ ነን፤ ውሾቹም አብሯቸው የሚሄድ ሰው ተቀጥሮላቸዋል። አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። "አባት፣ መንገድ ጠፋብዎት እንዴ?" ሰባት ወር ሆነኝ እኮ እዚህ ስኖር! "አይ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው" አልኩ። ከንፈሩን መጦልኝ ሄደ።

አርባ ዓመት ጸጉር ሳስተካክል አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር። የሱቄ ሕንጻ ሲሸጥ ልጄ "በቃ አባዬ፣ ከእኛ ጋር ታርፋለህ" አለችኝ። አረፍኩ። እንዲህ ያለ ዕረፍትማ መቃብርም ውስጥ አለ።

ደግነቱ አስር አለቃ አለ። የዋናው በር ዘበኛ ነው። ወታደር ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"አባባ፣ የዛሬ ዜና?"
"ሣሩ ውሃ ጠጣ።"
"ትናንትም ጠጥቶ ነበር እኮ። ሱስ ይዞታል ማለት ነው።"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጸጉሩ ግን አድጓል፤ ማጅራቱ ላይ ከኮፍያው አልፎ ወጥቷል። ዓይኔ ከዚያ አልነቀል አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ጠዋት ቶንዶሴን፣ መቀሴንና ፎጣዬን ይዤ ወደ ጥበቃ ክፍሉ ሄድኩ። "ሥራ ላይ ነኝ አባባ፣ አይሆንም" አለ። "አሥር ደቂቃ! በዚህ ሰዓት ማን ይመጣል?" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ፎጣውን አሰርኩለት። ግራ ጎኑን ጨረስኩ። ቶንዶሱ እጄ ላይ ሲያጉረመርም… እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክላክስ ተሰማ። ሊነሣ ሲል "ቆይ፣ ጆሮህ ጋ ነኝ፣ አትነቃነቅ" አልኩት። ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ክላክስ፣ ሦስተኛ። ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። የሰባት ቁጥር ቤቷ ሴትዮ ወርዳ ወደ ክፍሉ እየመጣች ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከበሩ ኋላ ገባሁ። የሰባ አንድ ዓመት ሰውዬ! ቶንዶሱን አጥፍቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ከመጥረጊያው ጎን ተለጥፌ ቆምኩ። ባለፈው ወር ልጄ "አባዬ፣ ከዘበኞች ጋር አትቀመጥ። ባሌ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፣ ሰው ያወራል" ብላኝ ነበር። በዚያች ሰዓት የታየኝ የእሷ ፊት ብቻ ነው።

"ምንድነው ይሄ? ሥራ ላይ ጸጉር ትቆረጣለህ? ማነው የሚቆርጥህ?"
"ማንም የለም እትዬ። ራሴ ነኝ።"

ራሴ ነኝ አለ…

እሷ እየተቆጣች ሄደች። እሱ "ይሂዱ አባባ፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ" አለኝ። ሄድኩ። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ራስ በግማሽ ትቼ አላውቅም። መብራት ጠፍቶብኝ እንኳ በሻማ በመቀስ ጨርሻለሁ። ዛሬ ግን ጥዬው ሄድኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እራት ላይ አማቼ አነሣው። "ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጫካ! ሴትየዋ ከሰይጣን ጋር የተገናኘች ነው የመሰላት። ቅዳሜ ኮሚቴው ያየዋል" አለ። ሳቀ። ልጄ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በበሩ በኩል አላለፍኩም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ከሩቅ አየሁት። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል። ከሥሩ ራሰ በራ ይሁን ምን ይሁን አይታይም። እጁን አነሣልኝ… እንደ ድሮው። እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር ያደረግሁት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔው እየነቀዘ ነው፣ ከሆዴ ይሸተኛል። አስር አለቃ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ አንዷ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ነገ ስብሰባው እዚሁ ሳሎናችን ነው። እገባና "እኔ ነኝ" እላለሁ። ሁለት ቃል ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ስድስት ሰዎች መጡ። ሸሚዜን ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። በመጀመሪያ ስለ ውሾች ተነጋገሩ፣ ቀጥሎ ስለ አጥር ቀለም፤ ቀለሙ ላይ አርባ ደቂቃ ተከራከሩ። ስለ እሱ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

"ይሰናበት። የሚቃወም አለ?" አለ አማቼ። ያኔ ገባሁ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ስድስት ንጹሕ ጸጉር፣ ስድስት ፈገግታ።

"አባባ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?"
"አይ… መነጽሬን ነበር።"

መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 9

በሩ ላይ አዲስ ሰው አለ። ሳልፍ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ዜና አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አልቻልኩም። ልጄ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩና አፈረጥኩት። "የዘበኛውን ጸጉር የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ከበሩ ኋላ ተደብቄ ነበር።"

ማጠፏን ቀጠለች። አልደነገጠችም።

"እናውቃለን አባዬ" አለችኝ። "ካሜራ አለ እኮ እዚያ ክፍል ውስጥ። ያን ቀን ማታውን አይተነዋል።"
"ታዲያ ለምን አባረራችሁት?"
"ምን እንበል? የሰብሳቢው ሚስት አባት መጥረጊያ ስር ተደብቆ ነበር እንበል? ለአንተ ክብር ብለን ነው።"

ለእኔ ክብር! እራት ላይ ስስቅ ያዩኝ ነበር። "መነጽሬን" ስልም አማቼ ያውቅ ነበር። ሁላችንም እያወቅን ሰውየውን ተባብረን በላነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሰባት ቁጥር ሄድኩ። ለሴትየዋ ሁሉንም ነገርኳት። ጭማቂ አቀረበችልኝ፣ እጄን ያዘችኝ።

"ምነው ያኔ ቢነግሩኝ! እርስዎ መሆንዎን ባውቅ አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። እኔ እኮ ተራ ጸጉር ቆራጭ ከውጭ ያስገባ መስሎኝ ነው።"
"ያስገባውማ ተራ ጸጉር ቆራጭ ነው፣ ልጄ።"

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። ከበሩ ኋላ አንድ እርምጃ ብራመድ ኖሮ እንዲህ ተሳስቀን ይቀር ነበር ማለት ነው። አንድ እርምጃ!

ማታ አማቼን "መልሰው" አልኩት። "አዲሱ ውል ፈርሟል አባባ። እሱንስ በምን ጥፋቱ ላባርረው?" አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

በሳምንት አንዴ ቤት ልታጸዳ የምትመጣው ሴት የአስር አለቃን ሰፈር ታውቀው ኖሮ አመላከተችኝ። ሁለት አውቶቡስ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር። እዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ በእግሩ ነው የሚሄደው፤ "ጠፋብዎት እንዴ" ያለኝ የለም። ዕቃዬን በከረጢት ይዣለሁ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ብድግ አለ። ሚስቱ በርጩማ አወጣችልኝ። ራሱ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ ከቀኝ ጆሮው በላይ የዳነ ቁስል አለ። እኔ ያልደረስኩበት ጎን ነው።

"ሚስቴ ናት፣ በምላጭ" አለኝ።

"ከበሩ ኋላ ነበርኩ" አልኩት። ምን ማለቴ ነው? እሱ አያውቅም?
"አውቃለሁ እንጂ አባባ። ጫማዎ ይታይ ነበር።"
"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

መሬት መሬቱን አየ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ይወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።"

እንባዬ መጣ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ለልጆቹ ጥሩ አይደለም ብዬ ከረጢቴን መፈተሽ ጀመርኩ። ፎጣውን አወጣሁ። "ላስተካክልልህ።"

እጁን ራሱ ላይ አዞረ። "ገና ነው አባባ። ምኑ ይቆረጣል?"

እውነቱን ነው። ምንም የለውም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ሄድኩ። "ገና ነው" አለኝ። ጎረቤቱ ከረጢቴን አይቶ "ቆራጭ ነዎት እንዴ?" አለ። ሦስት ራስ ሠራሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ዛሬ አሥራ አንድ ራስ። ቶንዶሱን የምሰካው እነሱ ቤት ነው። አስር አለቃ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኗል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እረፍቱ ነው። ወንበር ያወጣልኛል፣ ጸጉሩን ይጠርግልኛል። አስር አለቃ ብዬ ስጠራው "አቤት" ይላል፤ ድሮ ግን እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እግሩን ያጋጭልኝ ነበር። "ዜና የለም?" አልኩት። "ደህና ነው አባባ" አለ። ሳያስቀኝ ተመለስኩ።

ልጄ ማታ "አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ መንገድ ላይ… ሰው ምን ይላል?" አለች። "ጸጉር ቆራጭ ነው ይላላ!" አልኳት። አማቼ ከሳህኑ ቀና አላለም። እውነቱን ካፈረጥኩ ወዲህ ግን ስለ አስር አለቃ ራስ የሚሳቅ ሳቅ የለም ቤታችን ውስጥ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ስደርስ ወንበሩ ወጥቷል። ጥላው የሚዞርበትን ሰዓት አስልቶ ነው የሚያስቀምጠው። የልጁን፣ የታናሹን፣ ጸጉር ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረጥኩለት፤ አባቱ ጭንቅላቱን ያዘልኝ። እጁና እጄ ተነካኩ። እናትየው ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ የጋራዡ ሰዎች። አሥራ አራት ራስ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

ሁሉም ሄዱ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ፎጣውን አራገፍኩና ዘርግቼ ቆምኩ። አስር አለቃ መጥረጊያውን እንደያዘ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። አንድ እርምጃ የሚራመድ መሰለኝ።

"አሁንስ?" አልኩት።

እጁን ራሱ ላይ አዞረ።

"ገና ነው አባባ።"

ጸጉሩ ቁስሉን ሸፍኖ ጆሮው ላይ ደርሷል።

"እሺ" አልኩት። "ማክሰኞ እመለሳለሁ።"