ሳይዘፍኑ የመጡ ዕለት

ፈይሳዬ፣ የእኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ ልልህ ስል እጄ ቆመ። እንዲህ ተብሎ የሚጠየቀው ያለ ሰው ነው። ሌላ አጀማመር ግን አላውቅም፤ እንዲሁ ተቀበለኝ። ከተለያየን ስድስት ወር ሊሞላን አንድ ሳምንት ቀረው። እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ እበላለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ፣ የጽሕፈት መኪናዬን እቀጠቅጣለሁ። ልጃችን ጫልቱ ሚኒስትሪ ተፈትናለች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች፣ ግትርነቷማ የአንተው ነው። ነገ ነገ ስትለኝ የነበረውን የጓሮ በርም ክረምቱ ሳይገባ አስጠገንኩት።

አንተ ግን መጀመሪያ መስማት የምትፈልገው የቡድኑን ወሬ እንደሆነ አውቃለሁ። ወይ አንተ ሰውዬ! አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር ከእኔ ጋር ያሳለፍካቸውን እሑዶች በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። አሰልጣኝ አገባሁ ብዬ ሃያ ሁለት ጎረምሳ አብሬ አገባሁ። ማሊያው እኛ ግቢ እየታጠበ ቤታችን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስንቴ ተኮራርፈናል! አሁን ያ ኩርፊያ ራሱ ናፈቀኝ።

ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ የምትጠይቀኝ ስንተኛ ነን ብለህ ነበር። እኔም ልዋሽህ አልቻልኩም፤ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ሰንጠረዥ ግርጌ ነበራችሁ። ከወረደ ቡድኑ ይፈርሳል ይባል ነበር። እጄን ይዘህ ኢጆሌ እንዳይበተኑ አደራ አልከኝ። ሁልጊዜም ልጆቹን በአማርኛ ስታወራ እንኳ ኢጆሌ ነበር የምትላቸው። የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ለኳስ ቡድን ምን ታደርጋለች? ግን እሺ አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ያ እሺ ያልኩት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ።

ሁለተኛው ዙር እንዴት ያለ መከራ ነበር መሰለህ። በረኛው ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ለጨዋታ ጎጆ ከተማ ሲወጡ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ ሲገፉ አርፍደው፣ ጉልበታቸው አልቆ ሜዳ ገቡና ተሸነፉ። አንተን ተክቶ ያሠለጠናቸው አምበሉ መገርሳ ነው፣ ያ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ማንን ከየት እንደሚያሰልፍ ይነግረኛል፤ እኔም ኳስ የገባኝ ይመስል ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማዋለሁ። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ አንድ ጨዋታ ላይ ወደቀ፤ በራሳችን ሜዳ፣ ከጊንጪ ጋር። ካሸነፉ ይቆያሉ፣ ካላሸነፉ አለቀ።

እኔ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ሜዳ አልሄድም። ጫልቱን ልኬ ጆሮዬን ወደ መንገድ ጥዬ ተቀመጥኩ። ልማዳቸውን ታውቀዋለህ፤ ሲያሸንፉ ከሜዳ እስከ በራችን እየዘፈኑ ይመጣሉ፣ ሲሸነፉ ድምፃቸው አይሰማም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተና በጭቃ እንደተለወሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተራ በተራ ገቡ። ጫልቱም ከንፈሯን ነክሳ ከኋላ ትከተላለች።

አደራህን በላሁ ብዬ ደረቴን እየመታሁ ጮህኩ፤ የቀብርህ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። እኔ ሳለቅስ እነሱም አለቀሱ። ያ ግንድ የሚያህለው ተከላካይህ ሳይቀር ተንሰቀሰቀ። ጎረቤት አዲስ ሞት መጣ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሮጠ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱና ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ። መገርሳ እንባውን በማሊያው ጠርጎ፣ ኧረ ማንም አልሞተም፣ ሁለት ለአንድ አሸንፈናል አለ።

አሸንፈው ነው እኮ! ሐዘን ቤት እየዘፈኑ መግባት ነውር ነው ብለው፣ አፉን የከፈተ ወዮለት ተባብለው ነው እንዲያ የመጡት። እንዴት እንደተናደድኩ! ምነው በር ላይ አንድ ቃል ብትተነፍሱ፣ ልትገድሉኝ ነው ወይ ብዬ አንድ በአንድ ወረድኩባቸው። ከዚያ በሉ ዝፈኑ አልኳቸው። ማን ይድፈር? ሁሉም ኦቦ ገመቹን ያያል፣ ኦቦ ገመቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ፈይሳዬ፣ እኔው ተነሣሁ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር እንደለበስኩ፣ እንባዬ ሳይደርቅ እልል አልኩ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ደግሜ እልል አልኩ። ያኔ መገርሳ በኦሮምኛ ዘፈኑን አነሣው፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ስምህን እየጠሩ ግቢውን ዞሩት። ኦቦ ገመቹም ከዘራቸውን ወደ ላይ ሲወዘውዙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰፈሩ ዓመቱ እንኳ ሳይሞላ እልል አለች እያለ ያማኛል። ይማኝ። አንተ ብቻ አትቀየመኝ። ጥቁሩን እስከ ሙት ዓመትህ አላወልቅም፤ አንተን የማስታውስህ ግን ጥቁር በመልበስ ብቻ አይደለም። ቡድኑ አልወረደም፣ ልጆቹም አልተበተኑም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ደግሞ ልጆችህ አሸንፈው በዚህ በር ዝም ብለው አያልፉም።

የአንተው ዘነበች