የእማዬ አይብ

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018

እማዬ ሳሙና ሲባክን አትወድም። ስባሪውን ሁሉ በቆርቆሮ ታጠራቅምና በፍል ውሃ ዘፍዝፋ፣ በእጇ አድቦልቡላ፣ እንደገና ሳሙና ታደርገዋለች። ሳሊተ ምሕረት ሰፈር እኔ ቤት ከገባች ወዲህ የልብስ ሳሙና ገዝቼ አላውቅም።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ጎመን ሠርታ፣ አጠገቡ ነጭ ነጭ ድብልብል በሳህን አቅርባ ጠበቀችኝ።

«ነይ፣ በአይብ ብዪ» አለችኝ።

መጀመሪያ የደነገጥኩት በጾሙ ነው። እማዬ እኮ ታማ እንኳ ረቡዕና ዓርብን ገድፋ አታውቅም።

«እማዬ፣ ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?»

«ዓርብ ነው?» ግራ ገብቷት አየችኝ።

ጠጋ ስል ሳህኑ ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ። የመታጠቢያ ቤቱ ሳሙና ነው። ሰሞኑን ቁልፍ ስትረሳ፣ በእህቴ ስም ስትጠራኝ፣ እርጅና ነው ብዬ አልፌ ነበር። ይሄንን ምን ልበለው? «ለእሁድ ላስቀምጠው» ብዬ ሳህኑን አነሳሁ።

«ይሁን» አለች። «ግን ጨው ጨምሪበት፤ አንሶታል።»

ወጥ ቤት ገብቼ መብራት አበራሁ። አንዱ ድብልብል ላይ የጥርስ ምልክት አለ።