የመሀሉ ቦታ

ማትሱያማ ላለሽው ለእትዬ ካዙዮ፤

ሰላምታዬ ከታይፔ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ።

ከፉሚ ጋር መጥተን ሳናኤን አገኘናት። እዚህ አግብታ ከቀረች ስንት ዘመኗ፣ ተረቧ ግን ያው የትምህርት ቤቱ ነው። ገና ከባቡር ስንወርድ፣ "እናንተዬ፣ አረጃችሁ እኮ" አለችን። ቤተ መቅደሱንም ገበያውንም አዞረችን። ደረጃ በመጣ ቁጥር፣ "እናንተ ውጡ፤ እኔ ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ" እያለች ከታች ትጠብቀናለች። ምሳ ላይ የራሷን ኑድል ለፉሚ ገለበጠችላት።

ወንዙ ዳር ፎቶ እንነሣ ተባለ። አንቺ ስለቀረሽ ሦስት ሆንን። እማማ፣ "ሦስት ሆናችሁ አትነሡ፤ የመሀሉ ቀድሞ ይሞታል" ትለን አልነበር? ያኔም አንቺ በቀረሽ ቁጥር ከመሀል ቀድማ የምትሸሸው ሳናኤ ነበረች። አራት እንድንሆን ብዬ አሻንጉሊት ይዤ ሄጃለሁ። ከቦርሳዬ ሳወጣው እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነው።

"መልሺው" አለችኝ። "ዛሬ መሀሉ የኔ ነው።"

ፉሚ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ለፀደይ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። የአውሮፕላን ቲኬት እኮ በዚህ ሳምንትም አለ። ነይና አራት ሆነን እንደገና እንነሣ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ደህና ሁኚልኝ።

ታናሽሽ ታኤኮ